የድምፅ ያለህ

ትእዛዙን በቃሏ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች። ኮምፒውተሩ ዝም። ደግማ ጻፈች፤ ጭጭ። ትናንት ኮምፒውተሯ የሚሠራበትን ሊኑክስ የተባለ ሥርዓት እንደ ልማዷ አድሳ ነበር የተኛችው፤ ጠዋት ስትነሳ የድምፅ ካርዱ ዱዳ ሆኖ ጠበቃት።

ሌላ ሰው ድምፅ ቢጠፋበት ዘፈን ነው የሚቀርበት። እሷ ግን ዓይነ ስውር ናት፤ ኮምፒውተሩ የጻፈውን ሁሉ ካላነበበላት ባዶ ሣጥን ነው። የእጅ ሰዓቷን መስተዋት ከፍታ ቀስቶቹን ዳሰሰች። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ልክ በአራት ቀጣሪዎቹ ለፈተና በዚሁ ኮምፒውተር ይደውሉላታል፤ ይህን ጥሪ ሰባት ወር ጠብቃዋለች።

ባሏ ስልክ አላነሳም። ቤት ያሉት አማቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የፈረንጅ ፊደል አይለዩም። ቢሆንም እጃቸውን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ?» አሉ።

«ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዘው ገደል» አለች እሷ። አማቷ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ሳቃቸው አፈናቸው።

የድምፅ መቆጣጠሪያውን ከፍታ የሚያዩትን እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ቋሚ ቋሚ ነገር ተደርድሯል፣ ሁሉም እስከ አናቱ ሞልቷል አሏት። ከሞላማ ጥፋቱ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የድራይቨሩ ነው ብላ ሦስት ጊዜ አውጥታ መለሰችው። ወይ ፍንክች። ሰዓቷን ስትዳስስ አምስት ደቂቃ ቀርቷታል።

መቆጣጠሪያውን እንደገና ከፈተችው። «እማማ፣ የማይረባ የሚመስልዎትንም አያስቀሩብኝ።»

አማቷ ወደ ማያው ተጠጉ። «ከየቋሚው ሥር እንደ መነጽር ሁለት ሁለት ክብ አለ። የመጀመሪያው ብቻ የለውም።»

«እሱ ምን አለው?»

«ጣሪያው መሃል ለመሃል የሰረጎደ ቤት። ሁለት ቤት፣ ጎን ለጎን።»

«ኧረ እማማ! ቅድም ለምን አልነገሩኝም?»

«ጌጥ መስሎኝ ነዋ።»

ኤም የሚባለው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ድምፁ ተዘግቷል ማለት ነው። ካርዱም ድራይቨሩም ደህና ናቸው፤ ዕድሳቱ ዋናውን የድምፅ መስመር ዘግቶት ኖሯል። ከቁልፎቹ መሃል ያችኑ ፊደል አንዴ ነካቻት።

«እንዴ፣ ቤቶቹ ክብ ሆኑ» አሉ አማቷ።

የቀስት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስትጫን ኮምፒውተሩ አፉን ከፈተ። እሷ በለመደችው ፍጥነት ያንበለብለው ጀመር፤ አማቷ ማን እያባረረው ነው ብለው ጠየቁ። ልትመልስላቸው ስትል ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ቀና ከማለቷ ጥሪው ገባ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ የፈታኙ ድምፅ። «ድምፃችን ይሰማል?»

የአማቷ እጅ ትከሻዋን ጨበጥ አደረገ። እሷ አፏን ሳትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

«ጥርት ብሎ ይሰማናል» አሉ።