መልሰህ ተሻገረኝ

ታናሽ ወንድሜን ናኦድን በአናቱ ላይ ዘልዬ ሣሩ ላይ አረፍኩ። ፊሽካው ተነፋ። ከኋላዬ እንደታዘዘው ወድቆ ተዘረረ፤ አለማማጃችን ሊሊም "ፐርፌክት!" ብላ አጨበጨበች።

ያጨበጨበችው ለእሱ አወዳደቅ ነው። ከሃያ ሁለታችን አጭሩ ናኦድ ስለሆነ ተዘላይነቱን ያለ ተወዳዳሪ ነው ያሸነፈው። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ሯጭ ነበርኩ፤ አሁን ዳውንታውን አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ ለማድረግ እሮጣለሁ። ስለዚህ ዘላይ ተደረግኩ።

ሊሊ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ባለ አሮጌ መጋዘን ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፋ የምታለማምደን ትርኢት ስለ አሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው፤ በእጅ ስለሚያዘው ሞላላ ኳስ። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት፣ በፈረንጆቹ በ1905፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ሜዳ ላይ እየተረጋገጡ ብዙ ልጅ ሞተ። በዓመቱ አዲስ ሕግ ወጣ። ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፤ በሰው አናት ላይ መዝለል ተከለከለ። የትርኢቱ የመጀመሪያ ክፍል አሮጌው ሕግ ነው፣ እኔ እዘላለሁ። ሁለተኛው አዲሱ ነው፣ ማንም አይዘልም።

"ኦኬ፣ አዲሱ ሲዝን!" አለች ሊሊ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። "ከአሁን በኋላ ጃምፕ ማድረግ የለም። ሁሉም ሰው ላይን ላይ ፕሊዝ!"

ሃያ አንዳችን ተሰለፍን። ናኦድ አልተነሳም።

"ጋሼ" አለኝ ከመሬት። "መልሰህ ተሻገረኝ።"

ሳቄ መጣ። የተኛ ልጅን የተሻገረ ሰው በመጣበት ካልተመለሰ ልጁ አያድግም ይባል የለ? ደሴ እያለን፣ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ አንድ ቀን ምንጣፍ ላይ እንደተኛ ተሻገርኩት። መልሰህ ተሻገረኝ እያለ ሲያለቅስ አሾፍኩበትና ልጫወት ሮጥኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልማረኝም። ሱሪ በገዛ ቁጥር እግሩን ለማሳጠር መቀስ እያነሳ "ቁመቴን የበላኸው አንተ ነህ" ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሚስት አግብቷል።

"ተነስ ባክህ፣ ሰው አታስቅብን" አልኩና ዞር ብዬ አየሁት።

የሹራቡ እጅጌ ጣቶቹን ውጧቸዋል። ጠዋት ያለበስኩት እኔው ነኝ፤ እጅጌው ልክ አንጓው ላይ ነበር ያለቀው። የቆዳ ቆቡ ቅንድቡን አልፎ ዓይኑ ላይ ወርዷል። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ባዶውን ተኝቷል።

"ጋሼ" አለኝ ደግሞ። አድጎ ስሜን መጥራት ከጀመረ ወዲህ ጋሼ ብሎኝ አያውቅም። ድምፁም የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው።

ውጭ ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል። እኔ ብርድ ብርድ አለኝ።

"ሊሊ፣ ናኦድን እዪው!"

"የታለ?" አለች። በእሱ ላይ አሻግራ በሩን ተመለከተች። "ሬስት ሩም ሄዶ ነው? በቃ እሱ ይመጣል፣ እንጀምር።"

"ቅድም ሲወጣ ያየሁት መሰለኝ" አለ ከጎኔ የተሰለፈው የሺዋስ። የቆመው ከናኦድ ራስ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።

ፈራሁ። ለእናቴ ስደውልላት ታየኝ። ምን ብዬ? ዘለልኩት፣ ከዚያ አጣሁት ብዬ? ሹራቡ ደግሞ እያየሁት ወደ ሣሩ ዝቅ እያለ ነው፤ ውስጡ ያለው ደረት እያነሰ ነው። ሌላ ሳላስብ ተንደረደርኩ።

"አስማማው! ኖ! ሕጉ ተቀይሯል እኮ!"

ፊሽካዋን ነፋች። ሰልፉን ጥሼ፣ የሺዋስን በትከሻዬ ገፍቼ፣ ወንድሜን በመጣሁበት በኩል መልሼ ተሻገርኩት። ስወርድ ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ። ግድም አልሰጠኝ።

ዞር ስል ጣቶቹ ከእጅጌው አንድ በአንድ ሲወጡ አየሁ። ናኦድ ቆቡን ከዓይኑ ላይ ገፋ አድርጎ ተነሳና ሣሩን ከልብሱ አራገፈ።

"ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?" አለኝ፣ በዚያ በጎርናና ድምፁ። "ኧረ ሰው እያየን ነው፣ አስማማው!"

አቀፍኩት። ራሱ ትከሻዬ ጋ ይደርሳል። ተመስገን አልኩ፤ ትከሻዬ ጋ ይደርሳል።

በራሱ ላይ አሻግሬ ሜዳውን ያየሁት ያኔ ነው።

ሣሩ ላይ ሰዎች ተኝተዋል። የእኛዎቹ ሃያ ሰዎች ቆመው እየተነጫነጩ ነው፤ እነዚህ ሌሎች ናቸው። ጭቃ የደረቀበት ሹራብ ለብሰዋል። ከመጋዘኑ አንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ድረስ በጀርባቸው ተንጋለዋል። አንዳንዱ ከሹራብና ከቆብ በስተቀር ምንም አልቀረውም። ሕጉ ሲወጣ የሚዘል ሰው ቀረ፤ ቀድመው የተዘለሉትን መልሶ የተሻገራቸው ግን የለም። ለካ መቶ ሃያ ዓመት ሙሉ ተኝተው ይጠብቃሉ።

ቆቦቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረዋል።

ሊሊ ፊሽካዋን እየነፋች ናት። ናኦድ ክንዴን ይዞ "እንሂድ፣ እንሂድ ወደ ቤት" ይለኛል። እጁን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩ፤ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አጠበቅኩና፣ እያነከስኩ፣ ከቅርቤ ከተኛው ጀመርኩ።