መቱኝ

እህቱ የሹራቡን እጅጌ የሰበሰበችለት እጁን ልታስታጥበው ብላ ነበር። ክንዱ ላይ ቀጫጭን ሰንበሮች ተጋድመዋል። አንዳንዱ ደርቋል፤ አንዳንዱ ገና ቀይ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«መቱኝ።»

«እነማን?»

ዝም አላት። ደጋግማ ብትጠይቀውም መልሱ ያው ዝምታ ነው። ወንድሟ ኦቲዝም ያለበት ትልቅ ሰው ነው፤ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሯል። መዋሸት አይችልበትም። የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የሚናገራት ግን ትክክል ናት። ጥያቄው ትክክል ካልመሰለው ደግሞ አፉን አይከፍትም።

እናታቸው በሕይወት ሳለች ከእሷ ጋር ነበር የሚኖረው። ምስኪን፣ ሰው ማክበር ልታስተምረው ያላደረገችው አልነበረም፤ ብትቆጣው፣ ብትለምነው፣ በከረሜላ ብትደልለው አልሆነላትም። ሐኪሙን «አንተ፣ እጅህ ይቀዘቅዛል» ሲለው፣ አሮጊቷን አከራያቸውን «አንቺ፣ ጥርስሽ የት ሄደ?» ሲላት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። እናታቸው ስትሞት እህቱ የልብስ ፋብሪካ ሥራዋን ትታ ልትጠብቀው አልቻለችም። በር ቆልፋበት እንዳትሄድ ደግሞ አንጀቷ አልችል አለ። እዚህ መጠለያ አስገባችው። ሌላ የሚቀበለው ቦታ አልነበረም፤ ይህንንም ያገኘችው ስንት ደጅ ጠንታ ነው።

ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ፍራሾቹ በፕላስቲክ ተለብጠዋል። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል፤ የሚያየው የለም። ነዋሪዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ይወዛወዛሉ፤ ጠጋ ብሎ የሚያናግራቸው ሰው እምብዛም ነው።

በዚህ መሀል ነዋሪዎቹን የሚያጥበው ሠራተኛ ባልዲውን ይዞ ገባ። ቁመቱም ስፋቱም ለጉድ ስለሆነ ግንቡ ይሉታል። ወንድሟ ቀና ብሎ፣ «አንተ፣ ፎጣዬን አምጣ» አለው። ግንቡ ከት ብሎ ሳቀና ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። እህቱ ያንን አካፋ የሚያህል መዳፍ ስታይ ደሟ ፈላ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብላ የወንድሟን ክንድ አሳየችው።

የግንቡ ሳቅ ጠፋ። ወደ ኮሪደሩ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ከቻልሽ ወደ ቤትሽ ውሰጂው» አላት።

«ታስፈራራኛለህ እንዴ?»

ግንቡ ባልዲውን አንሥቶ ወጣ። በሩ ላይ ከቆመው የሥራ ባልደረባው ጋር ተያዩና ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ለእህቱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ቀጥ ብላ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ሄደች።

የመጠለያውን ባለቤት ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአማርኛ መምህርነት ነው፤ ጡረታ ሲወጡ ግቢያቸውን መጠለያ አደረጉት። ከረባታቸው ላልቶ አያውቅም። በኮሪደሩ ሲያልፉ የሚያወራው ዝም ይላል፣ የተጋደመው ቀና ይላል። ወንድሟን ባስገባችበት ቀን፣ እሳቸው ዘንድ ነገሩ አብልቶ ማስተኛት ብቻ እንዳልሆነ፣ ነዋሪዎቹ ሥርዓት እንደሚማሩ አስረድተዋት ነበር። ያን ቀን እፎይ ብላ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።

አሁንም እያለቀሰች የነገረቻቸውን በትዕግሥት አዳመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«መቱኝ ነው ያለሽ? በዚሁ ቃል?»

«በዚሁ ቃል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አላለኝም።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መቱኝ ካለማ አንድ ሰው አይደለም። አንድ ቢሆን መታኝ ይል ነበር። አታልቅሺ ልጄ፤ ሁለቱንም ነው የማባርራቸው።»

አባረሯቸውም። ግንቡና ባልደረባው ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ግቢውን አቋረጡ። ግንቡ የውጪው በር ጋ ሲደርስ ወደ እህቱ ዞሮ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከኋላዋ ጋሼን ሲያያቸው ተወው። የሚጠብቁት ልጆች አሉት፤ የሥራ ምስክር ወረቀቱን የሚፈርሙለትም እሳቸው ናቸው። ወንድሟ በመስኮት ሆኖ፣ «አንተ፣ ነገ ና» እያለ መስተዋቱን ያንኳኳ ጀመር። የመታውን ሰው ሲጠራ እያየች እህቱ የዋህነቱ አንጀቷን በላው።

ጋሼ አጽናኗት። ከእንግዲህ ወንድሟን ለሠራተኛ እንደማይተዉት፣ አልጋው ከቢሯቸው ጎን ወዳለው ክፍል እንደሚዛወርና ራሳቸው እንደሚከታተሉት ነገሯት። ደጋግማ ጎንበስ አለችላቸው። ለእሷ ከዚህ በላይ ምን አለ? ፋብሪካው ውስጥ ማሽኗ ላይ አጎንብሳ ስትውል፣ አንድ ሰው ወንድሟን እንደ ሰው ይዞላት እንዲውል ብቻ ነው የምትፈልገው።

አዲሱ ክፍል ንጹሕ ነው። አንድ አልጋና አንድ ወንበር አለው፤ ሌላ ድምፅ አይገባበትም። ወንድሟ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያየ ይወዛወዛል። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ላይ ቆመዋል። ፈረቃዋ ደርሶባታል። አጠገቡ በርከክ ብላ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«የመቱህ ሄዱልህ እኮ። ከእንግዲህ ማንም አይነካህም፤ ሰማኸኝ?»

«አልሄዱም» አለ ወንድሟ፤ ቀና ብሎ ወደ በሩ ሲያይም ከወንበሩ ብድግ አለና፣ «ይቀመጡ፣ ጋሼ» አላቸው።