ስለረገፉት የኦርኪድ እንቡጦች ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ

"መስኮቱን ማነው የከፈተው?!"

ሽማግሌው ጮኹ... ምራታቸው ክው አለች። ታቅፋት የነበረችው የአምስት ወር ልጇም ደንግጣ አለቀሰች።

"እኔ ነኝ አባባ... ራሴን ሲያዞረኝ ትንሽ አየር ብዬ ነው።"

"አየር ካማረሽ ደጅ አለልሽ! ይኸው እያቸው... ዛሬ ደግሞ ሰባት!"

መዳፋቸውን ዘረጉላት። ሰባት የኦርኪድ እንቡጦች... ቢጫ ሆነው፣ ሳይፈኩ የረገፉ።

ቆይ፣ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም።

ጡረታ የወጡ ሰዓት ሰሪ ናቸው። ባለቤታቸው ስታርፍ አንዲት ኦርኪድ ትታላቸው ሄደች። እሷን ሲንከባከቡ ሌላ ገዙ፣ ሌላ ጨመሩ... ሠላሳ አንድ አደረሷቸው። ሳሎኑ ውስጥ ባለ ሦስት ደርብ መደርደሪያ ላይ፣ መስኮቱ ጋ።

እንክብካቤያቸው ደግሞ ለጉድ ነው! ቅጠሉን አንድ በአንድ በእርጥብ ጥጥ ይወለውላሉ። አፈር አይነካም፣ በዛፍ ቅርፊት ነው የሚተክሉት። "ሥሩ ነጣ ካለ ጠምቶታል፤ አረንጓዴ ከሆነ ጠግቧል፣ አትንኩት" እያሉ እንግዳውን ሁሉ ያስተምራሉ። አንዷ የፈካች ቀን ወንበር ስበው ፊቷ ይቀመጣሉ... ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

ዘንድሮ ብርዱ ሲጠና "ልጆቼ በረዳቸው" አሉ። ልጆቼ የሚሉት አበቦቹን ነው። የጋዝ ማሞቂያ ገዝተው መደርደሪያው አጠገብ አቆሙ።

በሳምንቱ እንቡጦቹ መርገፍ ጀመሩ።

መጀመሪያ ሁለት... ቀጥሎ አምስት... ከዚያ ሰባት።

ማንን ጠረጠሩ? ምራቲቱን ነዋ! መስኮት የምትከፍተው እሷ፣ ብርድ የምታስገባው እሷ። አለቀ። ልጃቸው እንዳያስታርቅ መስክ ሥራ ከወጣ ወር አልፎታል።

"አባባ፣ ደጅ ስወጣ እኮ ይተወኛል። ሳሎን ስገባ ነው ራሴን የሚወቅረኝ። ልጅቷም መጥባት ቀንሳለች..."

"ቤቴ ነው ያሳመመሽ? ለባልሽ ሲመጣ ትነግሪዋለሽ!"

ሦስት ጊዜ ነገረቻቸው። ሦስቴም ጆሮ ዳባ ልበስ...

የዚያን ቀን ስልካቸውን አወጡ። የኦርኪድ ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የረገፉትን እንቡጦች ፎቶ ለጠፉና ጻፉ፦ "ምራቴ መስኮት እየከፈተች አበቦቼን ፈጀችብኝ። ምን ይሻለኛል?"

አይ የኛ ሰው! ኮሜንቱ ጎረፈ።

"ሆን ብላ ነው አባቴ!"

"ምቀኛ ናት፣ ይጠንቀቋት!"

"መስኮቱን ያሽጉት፣ የት አባቷ ትከፍታለች!"

ይሄ ሁሉ ሰው ሲንጫጫ "ለምንድነው የምትከፍተው?" ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው የሳሎኑን መስኮት ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር አሸጉት። ማሞቂያውንም ጨመሩት። ለወጥ ቤቱ መስኮት ፕላስተሩ ስላልበቃቸው ሊገዙ ወጡ።

ሲወጡ ምን አሏት መሰላችሁ?

"እስክመለስ ከሳሎን ንቅንቅ እንዳትዪ። ማሞቂያው እንዳይጠፋ ጠብቂልኝ።"

የባል አባት ነው፣ ምን ትበል? እሺ አለች።

እሳቸው ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ሊከፍሉ ሲሉ ስልካቸው ጮኸ። ከግሩፑ አንዲት ሴት ናት፣ ሃያ ዓመት አበባ እርሻ የሠራች...

"አባቴ፣ እንቡጥ እንዲህ በአንዴ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ጋዝም ያደርገዋል። ቤት ውስጥ ማሞቂያ ያነዳሉ እንዴ? እሳቱ በደንብ ካልነደደ አበባው ከሰው ቀድሞ ያውቃል። ቀጥሎ ግን ሰው ነው። ከእሳቱ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም። መስኮቱን አሁኑኑ ይክፈቱ!"

ምራታቸው ጋ ደወሉ... አይነሳም።

ደግመው ደወሉ... አይነሳም።

ሰባ ዓመታቸው ነው። ሮጡ። አንድ ጫማቸው መንገድ ላይ ቀረ፣ ዞር ብለውም አላዩት።

ኮሪደሩ ወለል ላይ ሕፃኗ በፎጣ ተጠቅልላ ታለቅሳለች።

የሳሎኑን በር ገፉት...

ምራታቸው መስኮቱ ሥር ወድቃለች። የፕላስተሩ ጫፍ ትንሽ ተላጧል፤ ቁራጩ ጥፍሯ ሥር ተጣብቋል። ልጇን አውጥታ፣ መስኮቱን ልትከፍት ተመልሳ ነው።

በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት አደረሷት። እናቲቱም ሕፃኗም ተረፉ። ሐኪሙ "ሩብ ሰዓት ብትቆዩ ኖሮ..." ብሎ ሳይጨርሰው ወጣ።

ሽማግሌው አልጋዋ ሥር ተንበረከኩ። "ልጄ፣ ይቅር በይኝ... አላወቅኩም።"

ምራታቸው ቀና ብላ አየቻቸው።

"አባባ፣ እኔስ የሰው ልጅ ነኝ፣ አላመኑኝም፣ ይሁን። አበቦቹም እኮ ነገሩዎት... ልጆቼ የሚሏቸው! እነሱንስ ለምን አልሰሟቸውም?"

ይህን ሁሉ ራሳቸው ሽማግሌው ግሩፑ ላይ ጻፉት፣ ምንም ሳይደብቁ። ያን ዕለት ሲፈርድ የነበረው ሰው ሁሉ ኮሜንቱን በጸጥታ እያጠፋ ወጣ።

እኔ ግን አላጠፋሁም።

"መስኮቱን ያሽጉት" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ... ይህን የምታነቡበት ገጽ አድሚን። አንዲት እናትና ልጇን ልገድል የቀረኝ ሩብ ሰዓት ነበር፣ ያውም ፊታቸውን ሳላይ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ!

ወገኖቼ፣ አንድ ወገን ብቻ ሰምታችሁ አትፍረዱ። ቤታችሁ ውስጥ "አመመኝ" የሚላችሁን ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ከማድረጋችሁ በፊት ስሙት።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... ምራቲቱን ብትሆኑ ሽማግሌውን ይቅር ትሉ ነበር?

እኔንስ?