የከቨሩ ዶቃ

እትዬ ዘነበች በጠዋቱ ከአጥሩ ሥር ጠርተው ጆሮዋ ላይ ሹክ አሏት። «የጓደኛሽ የሰናይት ወንድም ትናንት አርፏል። መርዶውን ከቅዳሴ መልስ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተን እንነግራታለን። እስከዚያ ሄደሽ አጫውቻት፤ አደራ፣ ስልክ እንዳትነካ።»

ምን ብላ ትያዛት? ገዝታ ያስቀመጠችውን ነጭ የስልክ ከቨር፣ አንድ ብርጭቆ ዶቃና ሙጫ ይዛ ሰናይት ቤት ሄደች። ጥቁር ጥቁሩን ዶቃ ግን ሟርት እንዳይሆን ብላ እየለቀመች እቤቷ ትታዋለች።

«ነይ እስኪ፣ ይቺን ከቨር አብረን እናሳምራት» አለቻት።

ሰናይት ሳታንገራግር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «ልኩን እንድናየው ስልክሽን አምጪው» አለቻትና የእንግዳዋ ወንድም ከመተማ የላከላትን ስልክ ተቀበለቻት። ከቨሩን ሞክራ አወለቀች፤ ስልኩን ግን አልመለሰችም፣ ከጭኗ ሥር ሸጎጠችው። የራሷን ስልክ ጨርሶ አላነሳችም።

«እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?» አለች እንግዳዋ በሆዷ። ዶቃ በለጠፈች ቁጥር የሰናይትን ፊት ሰረቅ አድርጋ ታያለች፤ ባየች ቁጥር ደግሞ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ።

«ይሄ ሙጫ ዓይን ያቃጥላል» አለች ሰናይት እንባዋን እየጠረገች።

የመጨረሻውን ረድፍ ሳይጨርሱ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነበችና ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እንግዳዋ ጓደኛዋን ለመደገፍ ብድግ አለች።

ሽማግሌዎቹ ሰናይትን አልፈው እንግዳዋ ፊት ቆሙ። ሰናይት ቀድማ ከኋላ ወገቧን ጥብቅ አድርጋ ይዛታለች።