የጁሙር እናት

«ጁሙር! ኧረ ጁሙር! ቤቶች!»

የጤና ሠራተኛዋ ሞኖዋራ የተጣራችው ከጀልባው ሳትወርድ ነው፤ ጤና ኬላዋ ውስጥ እንደለመደችው፣ ድምፅዋን ለቀቅ አድርጋ።

«አቤት!» አለ ከጎጆው በኩል ቀጭን ድምፅ። ወዲያው ቁርጥ አለ። ሳል ተከተለው።

መረብ ሲጠግን የነበረው አባወራ ቶፋጃል መርፌውን እንደያዘ ቀረ። ደጃፉ ላይ ዓሣ የምታጸዳው ሚስቱ እጇን ገታች። ሞኖዋራ ያደረገችው የገባት ያኔ ነው። ክው አለች። አይ አፍ! አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ውሃ ላይ ከመንደር መንደር ስትዞር የሰው ምስጢር አምልጧት አያውቅም። እዚህ ቤት ጁሙርን የሚያውቋት ጆሂር በሚባል ወንድ ልጅነቷ ነው። መንገዱን ሙሉ «ጆሂር፣ ጆሂር» እያለች ስትለማመድ ነበር የመጣችው፤ ደጅ ስትደርስ ምላሷ የለመደውን አወጣ።

ልጅቷ ከሦስት ወር በፊት ሳሏን ይዛ ስትመጣ ከወንዶቹ አግዳሚ አልቀመጥም ብላ ግድግዳው ሥር ቆማ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟን ስትጠየቅ ታላቅ እህቷን እንደምታናግር ጎንበስ ብላ፣ «ጁሙር በይኝ፣ አፓ። እኛ ቤት ማንም ተቆጥቶ የማይጠራው ስም ነው» አለች። ሞኖዋራ ከየት የመጣ ስም እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በየማለዳው ብቻዋን እየቀዘፈች ትመጣለች፣ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች፣ የቲቢ ክኒኗን ሞኖዋራ ፊት ትውጣለች። አሁን ግን ስድስት ቀን ቀረች። ያ መድኃኒት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ካቋረጡት በሽታው ብሶ ይመለሳል፤ ስለዚህ ካርቶኑን ይዛላት መጣች።

ቶፋጃል ተነሳ። «ማንን ነው የጠራሽው?»

«እ... አንዲት ልጅ ነበረች፣ ጁሙር የምትባል...»

«ጁሙር የመጀመሪያ ልጄ ናት!» ወደ ውሃው ጠቆመ። «በአራት ዓመቷ እዚሁ፣ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ነው ውሃ የበላት። ከሞተች አሥራ አራት ዓመት ሆናት። መጥተሽ ከቤቴ ትጠሪያታለሽ? ደግሞ ማነው አቤት ያለው?» ወደ ጎጆው ዞረ። «ማነው አቤት ያለው እያልኩ ነው!»

ባለፈው ሳምንት ገበያ መሀል፣ ሰው እየሳቀ፣ የልጁን ጸጉር የላጨው ይሄው አባት መሆኑን ጀልባውን የሚቀዝፈው ሰው መንገድ ላይ ለሞኖዋራ ነግሯታል። «ለጆሂር ነው» ብላ መድኃኒቱን እንዳታወጣ፣ ካርቶኑ ላይ በራሷ እጅ «ጁሙር፣ የቶፋጃል ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው ደግሞ ማንበብ ይችላል።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ።

«ምን አልሽ?»

«አቤት ያልኩት እኔ ነኝ።» ከዓሣው ቀና አላለችም። «የጁሙር እናት ያለችኝ መሰለኝ። እንደሱ ብሎ የጠራኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! አፌ አመለጠኝ።»

በዚያ አገር የወለደች ሴት በስሟ አትጠራም፤ የምትጠራው በበኩር ልጇ ነው። በኩሯን ውሃ ሲበላት ጎረቤቱ አዝኖላት «የጆሂር እናት» ይላት ጀመር፤ የድሮውን ስም ማንም ደግሞ አላነሳባትም። ቶፋጃል መረቡ ላይ ዘፍ አለና ፊቱን በሽርጡ ጠረገ። ሞኖዋራ ስትመጣ ጨካኝ ነው ብላ ጠልታው ነበር፤ አሁን አንጀቷን በላት።

«ቤት ተሳስቼ ነው፣ ወንድሜ» አለች። «የምፈልገው ማዶ ያለውን መንደር ነው። ይቅር በለኝ።»

ከውስጥ ሳሉ መጣ፤ ደረቅ፣ አልቆም ያለ። መድኃኒቱን እንደያዘች ልትመለስ ነው። ስድስቱ ቀን ሰባት ሊሆን ነው፣ ያውም በገዛ አፏ። ልታለቅስ ደረሰች።

ቀዛፊው ዘንጉን ሲያነሳ ሚስትየዋ እንስራ ወገቧ ላይ ይዛ ወደ ውሃው ወረደች። እስከ ጉልበቷ ገብታ ጀርባዋን ለግቢው ሰጠች።

«ስንት ስንት ነው የሚዋጠው?» አለች በሹክሹክታ።

«ሦስት። ጠዋት፣ በባዶ ሆድ።» ሞኖዋራ አተኩራ አየቻት። «ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ምን አውቃለሁ? ጠዋት ጠዋት ይወጣል፣ ፊቱ በርቶ ይመለሳል፤ እሰይ ብዬ ዝም አልኩ። ከተላጨ ወዲህ ግን ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኝቷል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ስድስት ቀን ሙሉ ትንፍሽ አላለም።» ጎንበስ ብላ እንስራውን ውሃው ላይ አደረገች። «አንቺ ስትጠሪ ነው አፉን የከፈተው።»

ሞኖዋራ ካርቶኑን አቀበለቻት። ሴትየዋ ማንበብ አትችልም፤ ጽሕፈቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ምን ይላል?»

«ጁሙር።»

እንባዋ እጇ ላይ ጠብ አለ። «ይሄን ስም እኮ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «በይ ሂጂ፣ ባሌ ያየናል። እኔው አስውጣታለሁ።»

«አይዞሽ፣ የጁሙር እናት።»

ሴትየዋ አላረመቻትም። ካርቶኑን እንስራው ውስጥ ከተተችው፤ እንዳይርስ ብላ ውሃ አልቀዳችም። ቶፋጃል ከግቢው ሆኖ ያያታል። ባዶውን እንስራ ወገቧ ላይ አደረገችና፣ ሙሉ የተሸከመች መስላ ወደ አንድ ጎኗ ዘንበል ብላ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ ቀስ እያለች ዳገቱን ወጣች።