የአባ ጴጥሮስ ፈውስ

ወይዘሮ ወለተሰንበት ጠዋት ጠዋት ደህና ናቸው። ከሰዓት በኋላ ግን የዐይናቸው ቆብ ይወድቃል፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል። የልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤት ደግሞ አፉን አይሰበስብም፤ «በስተርጅና መጠጥ ጀመሩ» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል። እሳቸውም በኀፍረት ደጅ መውጣት ትተዋል።

ሐኪሙ ያለው ሌላ ነው። ጡንቻ የሚያዝል በሽታ ነው፤ ከደረት አጥንታቸው ጀርባም ዕጢ በቅሏል፣ ደረታቸው ተከፍቶ መውጣት አለበት። እስከዚያው የሚውጡት ክኒን አዝዟል።

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ዕድሜዎ አያግድም፣ እማማ። እኔን የሚያሰጋኝ መዘግየቱ ነው።»

እምቢ አሉ። ለምን እምቢ እንዳሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የነፍስ አባታቸው አባ ጴጥሮስም እንዲሁ ዐይናቸው ወድቆ፣ ቅዳሴ መሐል ድምፃቸው እየጠፋ ነበር። ጸበል ሄደው ከረሙና ድነው ተመለሱ።

«እሳቸውን የማረ እኔን ይረሳኛል?» አሉ ለልጃቸው ለኮከቤ።

«እማዬ፣ ጸበሉንም ትጠመቂያለሽ። መጀመሪያ ቀዶ ጥገናው ይሁን።»

«አባ ካልፈቀዱ ደረቴን ቢላ አይነካውም!»

ኮከቤ ነጠላዋን ጣል አድርጋ አባ ጴጥሮስ ቤት ሄደች። የሐኪሙን ቃል አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። አቀርቅረው ሰሙ።

«ክኒኑን ከምግብ በፊት ነው የምትሰጫት?» አሉ በመጨረሻ።

የኮከቤ ደም ፈላ። እናቷ ልትሞት ነው፣ እሳቸውን የጾም ነገር ያሳስባቸዋል!

«አዎ፣ በጾምም ጠዋት ትውጣለች፣ ትበላለችም! ንስሐውን ለእኔ ይስጡኝ። አባ፣ 'ታከሚ' ቢሏት ምን ይጎድልብዎታል? ወይስ 'በጸበል የዳኑት አባ' እያለ የሚጎርፈው ሰው እንዳይቀርብዎት ነው?»

አለች፣ ከዚያ ራሷ ደነገጠች። የነፍስ አባትን እንዲህ ይናገሯል?

አባ ጴጥሮስ አልተቆጡም። ፊታቸው ብቻ ተለወጠ።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ። ስሜ ነው ያሳሳኝ» አሉና ተነሡ።

እቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ወለተሰንበት ዐይናቸው ጨርሶ ተከድኖ ነበር። የአባን ድምፅ ሲሰሙ ፈካ አሉ።

«አባ፣ እንኳን መጡልኝ! እንደርስዎ ጸበል ልሂድ አይደል? ለዚች ነገረኛ ይንገሩልኝ።»

አባ ጴጥሮስ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። ኮከቤንም ውጪ አላሏትም። የቀሚሳቸውን ቁልፍ ከአንገታቸው ሥር ፈቱና የንስሐ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ደረታቸው ሳቡት።

የወይዘሮ ወለተሰንበት ጣት ከአባ ጉሮሮ ግርጌ ተነሥቶ፣ በስፌቱ ጠባሳ ላይ እስከ ደረታቸው መሐል ቀጥ ብሎ ወረደ።