የአራተኛ «ለ» ስም ዝርዝር

ለመምህራን በተሰጠው የታብሌት ስልጠና የመጨረሻ ቀን አሰልጣኙ የየክፍሉን ተማሪዎች ስም ከመምህራኑ ጭንቅላት አውጥቶ ወደየታብሌታቸው አዛወረው። «ስም መያዝ ከእንግዲህ የታብሌቱ ሸክም ነው፤ እናንተ አስተምሩ» አላቸው። አስቀድሞ ግን «የገዛ ልጁን የሚያስተምር ካለ ስሟን ወይ ስሙን ከዝርዝሩ ያስወጣ» ብሎ ነበር።

የመምህርት ስንቅነሽ ልጅ ከተማሪዎቿ አንዷ ነበረች። ስንቅነሽ ግን «እኔ በልጄ አላዳላም» እያለች ስትኩራራ የኖረች ሴት ናት። በባልደረቦቿ ፊት ይሉኝታ ያዛትና የልጇን ስም ሳታስወጣ ቀረች።

ቤቷ ገብታ ምሳ አቀረበች። «ኪሩቤል፣ ና ብላ!» ብላ ትንሹን ልጇን ጠራች። ወደ ልጅቷ ስትዞር ስሟ ጠፋባት።

«አንቺም... ነይ።»

«እማዬ፣ እኔንም በስሜ ጥሪኛ!»

«ዝም ብለሽ ብዪ፤ ይቀዘቅዛል።»

ልጅቷ ደብተሯን አምጥታ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስሟን አሳየቻት። ስንቅነሽ ጮክ ብላ አነበበችው። ቀና ስትል ግን ከጭንቅላቷ ጠፍቷል። ልጅቷ ሦስት ጊዜ አስነበበቻት፤ ከዚያ ምሳዋን ሳትነካ ተነሣች።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የስንቅነሽ ታብሌት ለስላሳ በሆነ የሴት ድምፅ ስም መጥራት ጀመረ።

«አርሴማ» አለ።

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ «አቤት፣ እማዬ!» አለች።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ስንቅነሽ ልትቆጣ ብድግ አለች፤ ከሚስቁት አንዱን እንኳ በስሙ መጥራት አልቻለችም።

ልጅቷ ግን አላፈረችም። ዓይኗን ከታብሌቱ ላይ ሳትነቅል፣ ድጋሚ እስኪጠራት ቆማ ጠበቀች።